የስደተኛው ማዕድ፦ ከቤተ ጃላ እስከ ሳንቲያጎ

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገልጋይ ካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ስደተኞችና ስለ ተፈናቃዮች ስንመክር ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ስንት ኩንታል እህል፣ ስንት ብርድ ልብስ፣ ስንት መጠለያ እንደሚያስፈልግ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ከዚያ ቀጥሎ ስለሚመጣውና ዘወትር ስለሚዘነጋው ጉዳይ ልንነጋገር ወደድን፤ ይኸውም እህሉ ከደረሰ በኋላ ያች እናት በድስቷ ምን ልትሠራበት ትችላለች የሚለው ነው። ለዚህም ምሳሌ አድርገን የመረጥነው የፍልስጤማውያንን የቤት ምግብ፣ ይልቁንም ከቤተ ልሔም አካባቢ ተነሥተው በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ቺሊ የተሰደዱትን ኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች ማዕድ ነው።

የፍልስጤም ገበሬ ማዕድ በስንዴ፣ በወይራ ዘይት፣ በጥራጥሬ እንዲሁም በበግና በፍየል ወተት ላይ የቆመ ነው። ስንዴው ገና እሸት ሳለ በእሳት ተለብልቦ ሲታሽ «ፍሪኬ» ይባላል። ተቀቅሎና ደርቆ ሲከካ «ቡርጉል» ይሆናል፤ የእኛን ቅንጬ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ቡርጉሉ ዱቄት እየተነሰነሰበት በእጅ ሲሽከረከር ደግሞ «መፍቱል» ይወጣዋል። ከወተቱ እርጎው ይናጣል፤ ጨው ተጨምሮበትም እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር በፀሐይ ይደርቅና «ጀሚድ» ተብሎ ለዓመት ይቀመጣል። ከጦስኝ ጋር የሚዛመደው «ዘዕተር» የተባለው የተራራ ቅጠል ደርቆ ከሰሊጥ፣ ከጨውና «ሱማቅ» ከሚሉት ቀይ ጎምዛዛ ፍሬ ጋር ይደባለቃል፤ ዳቦው በወይራ ዘይት ከተነከረ በኋላ በእርሱ እየተጠቀሰ ይበላል።

ይህ ማዕድ የጾምና የበዓል ሥርዓትም አለው። በዐቢይ ጾም ምስርና ሩዝ ወይም ቡርጉል በአንድነት ተቀቅሎ፣ በዘይት የጠቆረ ሽንኩርት ይደረግበታል፤ ስሙም «ሙጀደራ» ነው። የወይን ቅጠሉም በጾም ወራት ሥጋ ሳይገባበት፣ በሩዝ፣ በቲማቲምና በሎሚ ተሞልቶ ይጠቀለላል። ለትንሣኤ የሚጋገረው ቀለበት መሰል «ከዕክ» የእሾህ አክሊሉን፣ በቴምር የሚሞላው «መዕሙል» ደግሞ ሰፍነጉን ያስታውሳል ይላሉ። የቅድስት በርባራን በዓል የኢየሩሳሌም ኦርቶዶክሳውያን የሚያከብሩት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 8 ቀን ነው፤ የእኛም ስንክሳር ሰማዕቷን የሚዘክረው በዚሁ ዕለት ነው። በዚያ ቀን በስሟ «ቡርባራ» የሚባል ምግብ ይዘጋጃል፤ ስንዴው እንደ ንፍሮ ተቀቅሎ በስኳር፣ በቀረፋ፣ በእንስላል ዘር፣ በዘቢብና በሮማን ይጣፍጣል፤ ለጎረቤትም ይታደላል። በቀኖና የተለያየን ብንሆን እንኳ፣ በነቢያት ጾም ውስጥ የስንዴ ንፍሮ ለጎረቤት የሚያካፍል ሕዝብ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ ይልቁንም የኦቶማን መንግሥት ክርስቲያኖችንም ለውትድርና መመልመል ከጀመረ በኋላ፣ ከቤተ ጃላ፣ ከቤተ ልሔምና ከቤተ ሳሑር ተነሥተው ባሕር ተሻገሩ። አያሌዎቹ በአርጀንቲና በኩል የአንዲስን ተራራ አቋርጠው ቺሊ ገቡ። የያዙት ወረቀት የቱርክ ስለ ነበረ የአገሩ ሰው «ቱርኮ» እያለ ይጠራቸው ጀመር፤ ስድብም ነበረበት። ሸቀጥ በጀርባቸው ተሸክመው ከመንደር መንደር ዞሩ፤ ቆይተውም በሳንቲያጎ ከተማ በፓትሮናቶ ሰፈር ሱቅ ከፈቱ፤ በዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1917 የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ዛሬ ከመካከለኛው ምሥራቅ ውጭ ትልቁ የፍልስጤማውያን ማኅበረሰብ የሚገኘው በቺሊ ነው።

ማዕዳቸውስ ምን ሆነ? በአንድ በኩል ዕድል ረዳቸው። የማዕከላዊ ቺሊ አየር ክረምቱ ዝናባም፣ በጋው ደረቅ በመሆኑ ከአገራቸው ጋር ይመሳሰላል። ወይንና ወይራ ስፔናውያን ቀድመው ተክለውት ነበር፤ ሎሚና ስንዴም ሞልቷል። እንዲያውም የቺሊ ሰው «ሞቴ» የሚለው ተቀቅሎ የተፈተገ ስንዴ አለው፤ ለቡርባራ ስንዴ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ወቅቱ ግን የተገለበጠ ነው። በፍልስጤም የወይኑ ቅጠል የሚለሰልሰው በሚያዝያና በግንቦት፣ በትንሣኤ ሰሞን ነው፤ በቺሊ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ስለዚህ በቺሊ ለትንሣኤ ማዕድ ለስላሳ ቅጠል የምትፈልግ እናት ወራት አስቀድማ ለቅማ በጨው ውኃ ማቆየት ይኖርባታል። በዓሉ አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው የጓዳው ሥራ ነው።

በሌላ በኩል የማይገኘው ነገር ብዙ ነበር። የስደተኛ ወጥ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ብልሃትም እዚህ ላይ ይታያል። ሱማቅ ሲታጣ ጎምዛዛነቱን ሎሚ ይተካዋል። ጀሚድ በሌለበት እርጎ በጥቂት ዱቄት ወይም በእንቁላል ይመታል፤ ያለዚያ በእሳት ላይ ይቆራረጣል። «ጣቡን» የተባለው የሸክላ ምድጃ ከሌለ ዳቦው በቤት ምድጃ ይጋገራል። የወይን ሐረግ በማይበቅልበት ብርዳም አገር ጥቅል ጎመን ወይም ቆስጣ ይጠቀለላል፤ ዝኩኒም ተቦርቡሮ ይሞላል።

ልብ እንበል፤ የተለወጠው ዕቃው ነው። ጎምዛዛነቱ፣ ሙሌቱ፣ አጠቃለሉ፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ መሰብሰቡ አልተለወጠም። ቅጠል መጠቅለል ጊዜ የሚወስድ ሥራ በመሆኑ አያት፣ እናትና ልጅ አብረው ይቀመጣሉ፤ በጣት የተማረው በጣት ይተላለፋል። ከስደተኞቹ የልጅ ልጆች አብዛኞቹ ዓረብኛ አይናገሩም፤ የአያታቸውን ቅጠል ግን ይጠቀልላሉ። ቋንቋ ሲሄድ ማዕዱ ቀረ።

የእኛም ወገኖች ይህን መንገድ ያውቁታል። ጤፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ የነበሩ እናቶች በስንዴ፣ በገብስና በሩዝ ዱቄት እንጀራ ጋግረዋል። እህሉ ተለወጠ፤ እርሾውና ዐይኑ ቀረ።

ይሁን እንጂ ብልሃት ብቻውን አይበቃም። የቺሊዎቹ ስደተኞች ሠርተው የሚገዙበት ገበያ፣ የሚያበስሉበት የራሳቸው ምድጃ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ከቤታቸው የተፈናቀሉት ከ700,000 የማያንሱ ፍልስጤማውያን ዕጣ ግን ሌላ ነበር። የራሱን ስንዴ ያጭድ፣ የራሱን ዘይት ያስጨምቅ የነበረ ገበሬ በድንኳን ደጃፍ የራሽን ካርድ ይዞ ለዱቄት ተሰለፈ። የተቀበለው ዱቄት ሆዱን ሊሞላለት ይችላል፤ መራጭነቱን ግን አይመልስለትም። ተረጂና ስደተኛ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ስደተኛ ሁሉ የራሱ ሙያ ያለው ሰው ነው፤ ተረጂ ብቻ ሆኖ የሚቀረው እኛ ሳንጠይቀው የሰጠነው እንደሆነ ነው።

እንግዲህ ለየሰበካችን ይዘን የምንሄደው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ከማከፋፈላችን በፊት እናቶቹን እንጠይቅ፤ ምን ማብሰል ያውቃሉ፣ ምን አይበሉም፣ መቼ ይጾማሉ? በዐቢይ ጾም ወተት ይዞ መሄድ ለጾመኛው እርዳታ አይሆነውም፤ ምስር፣ ሽምብራና ዘይት ግን ይሆነዋል። የሙስሊሙንም እንግዳ ሥርዓት እንዲሁ እንጠብቅ።

ሁለተኛ፣ እህልን ከወፍጮው፣ ጥራጥሬን ከማገዶው አንለይ። ያልተፈጨ ስንዴ የተቀበለ ቤተሰብ የወፍጮ ሲያጣ ከዚያው ከስንዴው ለመሸጥ ይገደዳል። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ተነክሮ ካላደረ ብዙ እንጨት ይፈጃል፤ መንከሪያ ዕቃና ውኃ መኖሩን እንመልከት።

ሦስተኛ፣ ጨው፣ ሽንኩርትና ቅመም እንደ ቅንጦት አይቆጠሩ። በኩንታሉ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ራሽኑን ወደ ወጥ ትለውጠዋለች።

አራተኛ፣ ቦታ ባለበት ሁሉ የጓሮ መሬትና ዘር እንስጥ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ወደ አገራችን የገቡት ሱዳናውያን «ኩድራ» የሚሉት ቅጠል ፍልስጤማውያን «ሙሉኺያ» ብለው የሚወዱት ያው ተክል ነው። በሞቃት ቆላ በቀላሉ ይበቅላል።

አምስተኛ፣ ለበዓላት ድስቱን ለእነርሱ እንተውላቸው። እኛ ደግሰን ከመጥራት ይልቅ እነርሱ በሠሩት ማዕድ እኛ እንግዶች እንሁን።

አባታችን አብርሃም በኬብሮን አቅራቢያ በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን ሲቀበል ዱቄቱን ወስኖ አልሰጠም፤ ሣራ ለወሰች፣ ብላቴናው ጥጃውን አዘጋጀ፣ እርሱም አጠገባቸው ቆመ። ስንዴ መስፈር የመጋዘን ሥራ ነው፤ አጠገብ መቆም ግን የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። በየሰበካችሁ የተጠለለውን እንግዳ በዚህ መንፈስ ትቀበሉት ዘንድ በትሕትና እናሳስባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።