የኮርኒሱን ክዳን ከፍቶ ስለሚያይ ሰው
(በሰሜን ለንደን የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የተሰማ ንግግር)



የዛሬው ስብሰባችን ሁለተኛ ጉዳይ፣ ከመጠባበቂያ ገንዘባችን ላይ ለሁለት ልጆቻችን የትምህርት ብድር እንስጥ ወይስ አንስጥ የሚለው ነው። ልጆቹ ሊማሩት የፈለጉት ሙያ የቤት ኀይል ገምጋሚነት ይባላል። ጉዳዩ መጀመሪያ ለኮሚቴው ሲቀርብ፣ ምን ይደበቃል፣ ሣቅን። አንድ አባታችን፣ «ቤት መለካት ደግሞ ምን ሙያ ነው? ታክሲ ቢነዱ አይሻላቸውም?» አሉ። እኛም በልባችን የተስማማን ነበርን። አሳባችንን የለወጠው አንድ ቤት ነውና እሱን አስቀድመን እንንገራችሁ።

ከመካከላችን አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ንግግሩ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ፈቅደውልናል። ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በአንድ አሮጌ የጡብ ቤት የላይኛው ፎቅ ላይ ተከራይተው ይኖራሉ። ባለፈው የብርድ ወራት ልንጠይቃቸው ብንሄድ፣ ልጆቹ ካፖርት እንደ ለበሱ ሲያጠኑ አገኘናቸው። የመኝታ ቤቱ ማዕዘን በሻጋታ ጠቁሯል። ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ነው፤ ቆጣሪው ደግሞ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት ዓይነት ነውና ሰኞ የሞሉት ሐሙስን አያይም። «እኔስ ለምጄዋለሁ፤ የትንሹ ልጅ ሳል ነው እንጂ ያስቸገረኝ» አሉን።

አከራዩን ጠይቀውት ነበር። እሱም ወረቀት አውጥቶ፣ ቤቱ ሕጉን ያሟላል ብሎ መለሳቸው። እውነቱን ለመናገር ወረቀቱም እንደዚያው ይላል።

ይህ ወረቀት ኢፒሲ የሚባለው የኀይል ቁጠባ የምስክር ወረቀት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ተጀመረ። ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ግድ ያስፈልጋል፤ አንዴ ከወጣ 10 ዓመት ያገለግላል። ቤቱን ከ1 ጀምሮ ነጥብ ይሰጡትና ከኤ እስከ ጂ ባለው ፊደል ይመድቡታል። ኤ ከሁሉ የተሻለው፣ ጂ የመጨረሻው ነው። ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ በአዲስ ውል፣ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ደግሞ በነባር ውል ቢሆንም፣ የግል አከራይ ከኢ በታች የሆነ ቤት ማከራየት አይችልም፤ በሕጉ የተፈቀደ ምክንያት አስመዝግቦ ካልሆነ በቀር። ኢ ማለት ከ39 እስከ 54 ነጥብ ነው። የእናታችን ቤት 41 ተጽፎለታል። በሁለት ነጥብ አለፈ ማለት ነው።

ያን ቀን ከሁለቱ ልጆች አንዷ አብራን ነበረች። ዕቃ ልትሸከምልን ነበር የመጣችው። ወረቀቱን በስልኳ ከመንግሥቱ መዝገብ ላይ አወጣችው፤ ይህ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም፣ የሰፈሩን አድራሻ ማወቅ ብቻ ይበቃል። ካነበበችው ውስጥ አንድ መስመር እንዲህ ይላል፦ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል 270 ሚሊሜትር የሙቀት መከላከያ ተነጥፏል። ልጅቷ ዝም ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ሽቅብ ማየት ጀመረች። ወደ ጣሪያው የሚያስወጣው ክዳን ከኮርኒሱ ጋር አብሮ ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ ዙሪያውን አንድ ሆኖ ደርቋል፤ አንድም ስንጥቅ የለው።

«እማማ፣ ይህችን ክዳን ማን ከፍቷት ያውቃል?» አለቻቸው።

«ኧረ ማንም! እኔ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ስገባም እንዲሁ ተቀብታ ነው ያገኘኋት።»

ወረቀቱ የተጻፈው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። እንግዲህ ፍረዱ። ክዳኑ ካልተከፈተ፣ በላዩ 270 ሚሊሜትር ንጣፍ መኖሩን ሰውየው በምን ዐወቀ?

እኛ ትምህርታችን እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በዚህ አገር ሃያ ዓመት ያህል ስንኖር፣ ማኅተምና ቁጥር ያለበት ወረቀት ሲመጣ እጅ መንሣት ለምደናል። ወረቀት እንደዚህ በክዳን ቀለም ይረታል ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

ደንቡ ግልጽ ነው። ገምጋሚ ያላየውን ነገር አየሁ ብሎ መጻፍ አይችልም። ክዳኑ አልከፈት ካለው፣ «ማየት አልቻልሁም» ብሎ ይሞላና ኮምፒዩተሩ በቤቱ ዕድሜ ግምት ይወስዳል። በአሮጌ ቤት ግምቱ ዝቅተኛ ነው። 270 ግን እንዲህ ያለ ግምት አይደለም፣ በማስረጃ የሚጻፍ ነው።

በወረቀቱ ግርጌ የገምጋሚው ስምና ቁጥር፣ ዕውቅና የሰጠውም ድርጅት አድራሻ አለ። አስቀድመን ለራሱ ጻፍን፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቀጥለን ለድርጅቱ አቤት አልን፤ የክዳኑንም ፎቶግራፍ አያይዘን ሰደድን። ገምጋሚ ለሚጽፈው ሁሉ ፎቶግራፍ በማስረጃነት መያዝ አለበትና፣ የጣሪያውን ፎቶግራፍ አምጣ ሲባል አልተገኘም። ሌላ ገምጋሚ መጣ። ቀለሙን በቢላዋ ዙሪያውን ቆርጦ፣ ተጣጣፊ መሰላሉን ዘርግቶ፣ በባትሪ ገባ። ያገኘው እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ የተጨፈለቀች ስስ ንጣፍ ናት፤ ግማሹ ቦታ ባዶ ነው። ቤቱ ራሱን ሳይከናነብ ነው ሲበርደው የኖረው። ነጥቡ ከኢ ወርዶ ኤፍ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ካውንስሉ ለአከራዩ ጻፈለት። ኤፍ ቤት ማከራየት እስከ 5,000 ፓውንድ ያስቀጣል። አከራዩ ለማሻሻያ እንዲያወጣ የሚገደደው እስከ 3,500 ፓውንድ ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡን ራሱ ሠራው። ጣሪያው ሥር ንጣፍ ተነጠፈ፣ ሁለት ማሞቂያዎችም ተለወጡ። ቤቱ አሁን ገነት ሆነ አንልም፤ ግድግዳው ያው ነው፣ ሻጋታውም ገና አልለቀቀም። ልጆቹ ግን ካፖርት አውልቀው ያጠናሉ።

አሁን ወደ ሙያው እንምጣ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ስለ ሥራው ነውና ያጣራነውን እንነግራችኋለን።

ገምጋሚው ግድግዳ አይበሳም፣ ምንጣፍ አያነሣም። ባየውና በለካው ይሠራል። የእያንዳንዱን ፎቅ ስፋትና ከፍታ፣ የግድግዳውን ዓይነትና ውፍረት፣ የጣሪያውን ንጣፍ፣ ማሞቂያውንና መቆጣጠሪያውን፣ የፍል ውኃውን ጋን፣ አምፖሎቹን ሁሉ ይመዘግባል። ከጁን 2025 ወዲህ ደግሞ በአዲሱ አሠራር መስኮቶቹንም እየለካ መጻፍ ግድ ሆኖበታል፤ ሥራው ከብዷል። ልብ በሉ፣ የሚመዝነው ቤቱን እንጂ ሰውን አይደለም። ስንት ሰው እንዳለበት፣ ስንት እንደሚከፈል አይጠይቅም፤ ሳሎኑ 21፣ ሌላው ክፍል 18 ዲግሪ ቢሞቅ ምን ያህል ያስወጣል ብሎ ነው ኮምፒዩተሩ የሚያሰላው። እናታችን፣ «ሂሳቤን ደብቄ ባላሳየው ኖሮ ይጎዳኝ ነበር» ብለው ይሠጉ ነበር፤ ሥጋቱ መሠረት የለውም።

ልጅቷ ስለ ጡብ ያስተማረችን ደግሞ እስካሁን ይደንቀናል። መንገድ ስትሄዱ የቤቶቹን ፊት እዩ። ጡቡ አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር እየሆነ በአንድ ረድፍ ከተፈራረቀ፣ አጭር የሚመስለው በርዝመቱ ወደ ውስጥ የገባ ጡብ ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው ድፍን ነው ማለት ነው። ከ1920 ገደማ በፊት የተሠሩት ቤቶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ሁሉም ጡብ ረዥም ብቻ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ሁለት ነው፣ በመካከሉ ባዶ ቦታ አለ። ያ ባዶ ቦታ በኋላ ተሞልቶ እንደሆነ በጡቦቹ መጋጠሚያ ላይ በሥርዓት የተደረደሩ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ይህን ካወቅን ወዲህ አውቶቡስ ስንጠብቅ ሥራ ፈትተን አናውቅም። ቤታችንም ድፍን ሆኖ አገኘነው፤ ምን እናድርግ።

ትምህርቱ ሦስተኛ ደረጃ ይባላል። ለመግባት ዲግሪ አይጠየቅም። እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብ መደመር ማባዛት፣ ኮምፒዩተር መንካት ግን ያስፈልጋል። የክፍሉ ትምህርት አጭር ነው፤ የሚያደክመው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ተማሪው እውነተኛ ቤቶች ዞሮ ለክቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ሥራውን ለፈታኝ ማስረከብ አለበት። እዚህ ላይ እናንተም ታስፈልጋላችሁ፤ ቤታችሁን ለልምምድ የምትከፍቱላቸው ተመዝገቡ። ካለፈ በኋላም በቀጥታ ሥራ የለም። ከታወቁት ዕውቅና ሰጪ ድርጅቶች በአንዱ መመዝገብ፣ ወንጀል የሌለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ፣ ለስሕተት የሚሆን የሙያ ኢንሹራንስ መግዛት አለበት። ከዚያም በየዓመቱ ተጨማሪ ትምህርት አለ፤ ከሚያወጣቸው ወረቀቶችም እየመረጡ ይቆጣጠሩታል።

ገቢውን በተመለከተ አናጋንን። ደመወዝ አይደለም፤ ክፍያው በወረቀት ነው። ራሱ ደንበኛ ያገኘ ሰው ይሻለዋል፤ በመካከል ደላላ ድርጅት ካለ ድርሻው ያንሳል። መኪና ያስፈልጋል፣ ቤንዚን አለ፣ በየወረቀቱ የመመዝገቢያ ክፍያ አለ። ያ የመጀመሪያው ገምጋሚ ክዳኑን ያልከፈተው ክፉ ሰው ስለሆነ ነው ብለን አንፈርድም። ምናልባት በቀን ስድስት ሰባት ቤት ካልሠራ የማይሆንለት፣ መሰላሉን ከመኪና ማውረድ ጊዜ የሚፈጅበት ሰው ይሆናል። ልጆቻችንም እዚሁ ፈተና ውስጥ ይገባሉ፤ ይህን እያወቅን ነው ብድሩን የምንደግፈው።

አንድ ጥፋታችንንም አንሰውርም። የዛሬ ሦስት ዓመት ለአንድ ልጅ ይኸንኑ ትምህርት ብለን ገንዘብ ከፍለን ነበር። ማስታወቂያው የሚያምር ነበር፤ መጨረሻ ላይ የተሰጠው ወረቀት ግን «ተከታትሏል» የሚል ብቻ ሆነና አንድም ዕውቅና ሰጪ ድርጅት አልቀበለውም። ገንዘቡም ቀረ፣ ልጁም ተስፋ ቆረጠ። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ከመክፈላችን በፊት ዕውቅና ሰጪውን ድርጅት፣ «ከዚህ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ትመዘግባላችሁ ወይ?» ብለን አልጠየቅንም። በዚህ ጊዜ ጠይቀናል፣ መልሱንም በጽሑፍ ይዘናል።

የቀረው ከባዱ ነገር ነው፤ ሰው እንዳይቀየመን እያልን ብንዘለው ደስ ባለን ነበር። ከእኛ ከአባሎቹ ውስጥ ቤት ያላቸውና የሚያከራዩ አሉ፤ እግዚአብሔር ይጨምርላቸው። ልጆቹ ሥራ የጀመሩ ዕለት፣ «አንተ የኔ ልጅ፣ አንድ ፊደል ከፍ አድርገህ ጻፍልኝ» የሚል ስልክ እንደሚደወል እናውቃለን። ከወዲሁ በኮሚቴው ውስጥ አንድ ሰው በቀልድ መልክ ብሎታል። በሕጉ ገምጋሚው ከባለቤቱ ጋር ዝምድና ካለው በወረቀቱ ላይ መግለጽ አለበት። ዝምድናውን መግለጽ ቀላል ነው። ጋሼን እምቢ ማለት ነው አስቸጋሪው። እኛ አበሾች ደግሞ እምቢታን በይሉኝታ ጠቅልለን መዋጥ እናውቅበታለን። ስለዚህ በብድሩ ውል ላይ አንድ አንቀጽ አስገብተናል፦ ልጆቹ ብድሩን ከፍለው እስኪጨርሱ ድረስ የማኅበሩን አባሎች የኪራይ ቤት አይገመግሙም። አንዳንዶቻችሁ ይኸ ልጆቹን ከደንበኛ መከልከል ነው ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ መከልከል ነው። ነገር ግን ነገ በሌላ ሰው ኮርኒስ ሥር የምትቀመጥ እናት ከእኛ ከአባሎቹ የአንዳችን ተከራይ ልትሆን ትችላለች፤ ወረቀቱንም የጻፈው በማኅበሩ ገንዘብ የተማረ ልጅ ይሆናል።

ብድሩ የትምህርቱን ክፍያ፣ የመጀመሪያ ዓመት ምዝገባና ኢንሹራንስ፣ እንዲሁም የመለኪያ ዕቃና አንድ መሰላል ይሸፍናል። መሰላሉ የማኅበሩ ንብረት ሆኖ ይቆያል። ልጆቹ ዕውቅና ካገኙ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ በየወሩ ይከፍላሉ፤ ወለድ የለውም። ዋስ የሚሆኑ ሁለት ሁለት ሰዎች ቀርበዋል።

በዚህ መካከል የሁላችሁንም የቤት ወረቀት ማየት የምትፈልጉ ተከራዮች ካላችሁ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ በጽሕፈት ቤቱ ትገኛለች። አድራሻችሁን ከነፖስታ ቁጥሩ ይዛችሁ ኑ፤ ከመምጣታችሁ በፊት ግን ክዳናችሁን ቀና ብላችሁ እዩ።

አሁን የብድሩን ውል ገንዘብ ያዣችን ያነቡልናል፤ ሻይ ከመቅረቡ በፊት እጅ እናወጣለን።