የወጣቶች የሳይንስ ልብ ወለድ ከአዋቂዎች በምን ይለያል?



የሳይንስ ልብ ወለድ የወጣቶችና የአዋቂዎች ተብሎ ሲከፈል ብዙ ሰው ልዩነቱን የሚፈልገው በባለታሪኩ ዕድሜ ነው። ዕድሜ ግን አያስተማምንም። የኦርሰን ስኮት ካርድ «ኤንደርስ ጌም» በ1985 ሲታተም (ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ታሪኩ የሚጀምረው በስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ መጽሐፉ ግን ለአዋቂዎች ቀርቦ ሁጎና ኔቡላ የተባሉትን ትልልቅ ሽልማቶች ወሰደ። የኦክታቪያ በትለር «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር»ም ሲጀምር ተራኪዋ ገና 15 ዓመት የሞላት ልጅ ናት፤ እሱም የአዋቂ መጽሐፍ ነው።

እኔ ዋናውን መለያ የማገኘው በሁለት ጥያቄዎች ነው፦ ባለታሪኩ የሚኖርበትን ዓለም ምስጢር መቼ ያውቃል? ካወቀ በኋላስ ውሳኔው የማን ነው?

በጆርጅ ኦርዌል «1984» ውስጥ ዊንስተን ስሚዝ የ39 ዓመት ሰው ነው። በእውነት ሚኒስቴር ተቀጥሮ የቆዩ ጋዜጦችን ገዥው ፓርቲ ዛሬ በሚፈልገው መንገድ ያርማል። ሐሰቱን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም፤ ሲያመርተው ነው የሚውለው፤ እንዲያውም ሥራውን ይወደዋል። የምናነበው የራሱ እጅ ያለበትን ሥርዓት የጠላ ሰው እንዴት እንደሚሰበር ነው።

ሎይስ ላውሪ በ1993 ባሳተመችው «ዘ ጊቨር» ውስጥም ሥርዓቱ ትዝታን አጥፍቷል። ጦርነት የለም፣ ረሃብ የለም፣ ቀለምም የለም። ጆናስ 12 ዓመት ሲሞላው፣ የቀድሞውን ዘመን ትዝታ ከአንድ አዛውንት እየተቀበለ እንዲሸከም ይመረጣል። አባቱ ጨቅላ ሕፃናትን የሚንከባከብ፣ ለልጅ የሚሳሳ ሰው ነው። አንድ ቀን ጆናስ አባቱ በሥራ ላይ ሳለ የተቀረጸ ምስል ያያል። መንታ ተወልደዋል፤ ተመሳሳይ መንታ ደግሞ በዚያ ስፍራ አይፈቀድም። አባትየው ሁለቱን ይመዝናል። ክብደቱ ያነሰውን አስተኝቶ፣ በዚያው ልጅ በሚያባብልበት ድምፅ እያዋራው፣ ራሱ ላይ ባለች ቀጭን ደም ሥር መርፌ ይወጋዋል። ሕፃኑ ትንሽ ተንፈራግጦ ዝም ይላል። በካርቶን አድርጎ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይለቀውና እጁን ያውለበልብለታል። በዚያ ስፍራ ይህን «ማሰናበት» ይሉታል፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጆናስ ቃሉ ወደ ሌላ ስፍራ መላክ ማለት ይመስለው ነበር። እውነቱ ከተገለጠለት በኋላ፣ ከአዛውንቱ ጋር የመከሩበትን ቀን እንኳ ሳይጠብቅ፣ ሊሰናበት የተፈረደበትን ሌላ ሕፃን ብስክሌት ላይ ጭኖ በሌሊት ይወጣል።

ይህ የአዋቂ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ባለታሪኩ አባትየው ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ስንት ሕፃን በእጁ እንዳለፈ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ከልጆቹ ጋር እንዴት ማዕድ እንደሚቀርብ እናነብ ነበር። ላውሪ ግን ሁሉን በልጁ ዓይን እንድናይ አደረገችን።

ልብ በሉ፣ ጭካኔው አልተቀነሰም። የወጣቶች መጽሐፍ የለዘበ የአዋቂ መጽሐፍ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይወድቃል።

የሮበርት ሃይንላይንን ታሪክም በአጭሩ ልጥቀስ። ከ1947 እስከ 1958 ስክሪብነርስ ለተባለው አሳታሚ 12 የወጣቶች መጻሕፍት ጻፈ። ቀጥሎ ያቀረበለትን «ስታርሺፕ ትሩፐርስ» ግን ያው አሳታሚ አልቀበልም አለ፤ በ1959 ሌላ ድርጅት አሳተመው፤ በማግሥቱ ዓመት ሁጎን አገኘ። ባለታሪኩ ትምህርቱን እንደጨረሰ ለውትድርና የሚመዘገብ ወጣት ነው። ሆኖም መጽሐፉ በየመሃሉ እየቆመ ስለ ዜግነትና ስለ ኃይል የመምህራንን ትምህርት ያሰማናል፤ ወጣቱም መምህራኑ ያሉትን አምኖ ይቀራል። ለእኔ መጽሐፉን ከወጣቶች መደርደሪያ የሚያወጣው ውጊያው ሳይሆን ይህ ነው፤ ደራሲው ውሳኔውን ከልጁ እጅ ወስዶበታል።

«ዘ ጊቨር» በ1994 ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውበሪ ሜዳልያ አግኝቶ በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። ከትምህርት ቤት ይውጣልን ያሉ ወላጆችም ብዙ ናቸው። በዚያ አገር ልጆች የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ መጽሐፉ በልጃችሁ ቦርሳ ቤታችሁ ሲገባ እናንተም አንብቡትና ስለ ጆናስ አባት አብራችሁ ተነጋገሩ። በአማርኛ ለወጣቶች የምትጽፉም አደራችሁን፣ ጨለማውን አትደብቁባቸው፤ ምርጫውንም አትምረጡላቸው።