ሰባተኛው መደብ

(በ1447 ዓመተ ሒጅራ መግቢያ ላይ በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን፤ እነሆ 1446ኛው ዓመተ ሒጅራ አልፎ የሙሐረምን ጨረቃ አየን። ዓመት ሲያልቅ ነጋዴ መዝገቡን ይገልጣል፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ ይላል። ዑለማዎቻችንም ሙእሚን ነፍሱን እንዲሁ ይተሳሰባት ዘንድ መክረዋል። ሙሓሰባ የሚባለው ይኸው ነው። ብዙዎቻችን ታዲያ ስንተሳሰብ ሰላታችንን፣ ጾማችንን፣ ሶደቃችንን እናነሳለን። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ማንም በመዝገቡ የማያሰፍረውን ነው። እሱም ከጓደኞቻችን ጋር የበላነው፣ የተዝናናነውና ዒድ ያከበርነው ነገር ነው።

«ይህ ደግሞ ምን ሒሳብ አለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። አለው። በሱረቱ-ተካሡር መጨረሻ ላይ በዚያ ቀን ከተሰጠን ጸጋ እንደምንጠየቅ ተነግሮናል። ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ እንደተላለፈው አንድ ቀን ረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) ከቤታቸው ሲወጡ አቡበክርንና ዑመርን (ረ.ዐ.) ውጪ አገኟቸው። በዚህ ሰዓት ከቤት ምን እንዳወጣቸው ጠየቋቸው። ረኃብ ነው አሏቸው። እሳቸውንም ያወጣቸው ያው ረኃብ መሆኑን ነገሯቸው። ሦስቱም ተያይዘው ወደ አንድ የአንሷር ሰው ቤት ሄዱ። ባለቤቱ ውኃ ሊቀዳ ሄዶ ነበር፤ ተመልሶ ሲያያቸው አላህን አመሰገነ፣ የተምር ዘለላ አቀረበ፣ ቢላዋውንም አነሳ። ረሡልም የምትታለበዋን እንዳያርድ አሳሰቡት። በልተው፣ ጠጥተው ከጠገቡ በኋላ ነው ለሁለቱ ጓደኞቻቸው በቂያማ ቀን ስለዚህ ጸጋ እንደሚጠየቁ የነገሯቸው። ለተራበ ሰው የቀረበ ተምርና ሥጋ ከተጠየቀበት፣ የኛ የዓመት ሙሉ ግብዣማ እንዴት ይሆን?

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ከወዳጅ ጋር መውጣት፣ መብላትና መሳቅ ጥፋት ነው ለማለት አልመጣሁም። ዲናችን የደስታ ቀን የሰጠን ዲን ነው። የተሽሪቅ ቀናት የሚበላባቸው፣ የሚጠጣባቸውና አላህ የሚወሳባቸው ቀናት መሆናቸውን ረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጊዳቸው በጋሻና በጦር ሲጫወቱ አልከለከሏቸውም፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) እስኪበቃት ድረስ ቆማ እንድታይ ፈቅደውላታል። በሱረቱ-ኑር ደግሞ ገብተን ብንበላ ነውር ከሌለብን ቤቶች መካከል የወዳጅ ቤት ከአባት፣ ከእናት፣ ከወንድምና ከእህት ቤት ጋር አብሮ ተቆጥሯል። ልብ በሉ፤ ወዳጅ ይህን ያህል ቅርብ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሒሳብ ልምጣ።

እኛ ሰባት ጓደኛሞች ነን። በአንድ መድረሳ ለውሕ ይዘን የቀራን፣ ዛሬ ሁላችንም የልጆች አባት የሆንን ነን። ያለፈው ዓመት፣ አልሐምዱሊላህ፣ የደስታ ዓመት መስሎኝ ነበር። በመስከረም ክረምቱ እንደወጣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሄደን ዓሣ በላን። በጥር የአንዳችን ልጅ ኒካሕ ነበረ። በረመዷን በየቤታችን በየተራ አስፈጠርን፤ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ተምሩ ተትረፍርፎ። ከዒደል ፊጥር በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ጨርሰን ሐረር ሄድን፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበውን የሸዋል ዒድ ለማየት ነበር። ለእያንዳንዱ መዋጮ ነበረው። መዋጮውም ከወር ወር እየከበደ ሄደ፤ ማናችንም ግን አላነሳነውም።

የአረፋ ልማዳችን አንድ በሬ ገዝቶ ለሰባት ማረድ ነው። በሬ ለሰባት ሰው ኡድሒያ እንደሚሆን ጃቢር (ረ.ዐ.) ስለ ሑደይቢያ ባስተላለፉት ሐዲሥ የታወቀ ነው። ያለፈው አረፋ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ጁሙዓ ላይ ዋለ። ከቀናት በፊት አንዱ ጓደኛችን ደውሎ «ዘንድሮ ለብቻዬ በግ አስቤያለሁ፤ እናንተ ቀጥሉ» አለን። «ማሻአላህ» ብለን አለፍነው። በዕለቱ በሬው ታርዶ ሲበለት፣ ሥጋውን የሚመድበው ሰው እንደ ልማዱ ሰባት መደብ አስቀመጠ። ስድስታችን የየራሳችንን አነሳን። ሰባተኛው መደብ ቅጠሉ ላይ ቀረ። ሁላችንም አየነው፤ ማንም ግን አልተናገረም።

ከዚያ መደብ ላይ ከፍዬ በልጄ እጅ ወደዚያ ወዳጄ ቤት ላክሁ። ልጁ ሲመለስ «አባ፣ እነሱ ቤት አልታረደም። ልጆቹ ፌስታሉን ሲያዩ ሮጠው መጡ። እናታቸው አለቀሰች» አለኝ።

ከዒሻ ሰላት በኋላ ራሴ ሄድኩ። ቁጭ ብለን ብዙ ዝም አልን። በመጨረሻ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«የት ላይ ልንገርህ?» አለኝ። «ትደውልልኛለህ፤ እንዴት ነህ ትለኛለህ፤ አልሐምዱሊላህ እልሃለሁ። ከዚያ ስንት ሰዓት እንገናኝ ነው የምትለኝ። በየትኛው መሐል ልንገርህ?»

መልስ አልነበረኝም። ሥራው ከቀዘቀዘ ዓመት ሆኖታል። ለቢሾፍቱው መዋጮ ተበድሮ ነበር የመጣው። በረመዷን ሦስት ቤት አብሮን አፈጠረ፤ ተራው ሲቃረብ ማዕዱ ከሌሎቻችን ማዕድ ጋር እንዳይነጻጸር ፈርቶ ቀረ። ለሐረር ጉዞ «አሞኛል» አለን። «የላካችሁልኝን ፎቶ ልጆቼ በስልኬ አዩት» አለኝ። «አስዋሻችሁኝ አልልም፤ የዋሸሁት እኔው ነኝ። ግን እውነቱን የምናገርበት ቦታ አጣሁ።» ይህን ለእናንተ የምነግራችሁ ፈቅዶልኝ ነው፤ ስሙ ግን እኔ ዘንድ ይቀራል።

ውድ አድማጮች፤ ወደዚያ ሐዲሥ እንመለስ። ያ ሐዲሥ ስለ ምግብ ብቻ አይደለም። ሦስቱ ሲገናኙ መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ ምን አወጣችሁ የሚል ነው። ጠያቂው መልሱን ጠበቁ፤ ተጠያቂዎቹም ሳያፍሩ ራበን አሉ። ጠያቂው ራሳቸውም የሆዳቸውን አልሸሸጉም። ምግቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ከምግቡ ጀመርን፤ ወደ ጥያቄው ሳንደርስ ዓመቱ አለቀ። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። እኛ ሰብሰብ ብለን እየበላን አንዳችንን ብቻውን ተውነው።

ሸሪዓችን ይህ እንዳይሆን በየደስታችን ላይ በር አበጅቶልን ነበር። ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሰላት በፊት የሚሰጠው በዚያ ቀን ድኃው ከደስታው እንዳይጎድል ነው። ስለ እርዱ በሱረቱል-ሐጅ ከእርሱ እንድንበላም፣ እንድናበላም ታዘናል። ሀብታም ተጠርቶ ድኃ የሚቀርበት የሠርግ ድግስ ከምግብ ሁሉ የከፋ መሆኑን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ይህን ሁሉ ሚንበር ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ሚስኪን ስል ግን በር ላይ የቆመውን እንጂ ከጎኔ የሚቀመጠውን አላሰብኩም። በሱረቱል-በቀራ ግን ከመለመን ስለሚቆጠቡ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም አድርጎ ስለሚያስባቸው ድሆች ተነግሮናል። «የማያውቃቸው» መባሉ ነው ያሳፈረኝ። እኔ ከልጅነት ጀምሮ አውቀዋለሁ የምል ሰው ነበርኩ።

በአዲሱ ዓመት ምን እናድርግ? እኛ የተስማማንበትን ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

አንደኛ፣ ቁርጥ መዋጮ አንስተናል። ገንዘቡን የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ የቻለ የቻለውን በእጁ ይሰጠዋል፣ ያልቻለም ይመጣል። ማን ስንት እንደሰጠ አይነገርም።

ሁለተኛ፣ የምናስፈጥርበትን ማዕድ ወስነናል፤ ተምር፣ ውኃ፣ ሾርባና ቤት ያፈራው። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ ከረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናል፤ ተራው የማንም ቢሆን አይፈራም።

ሦስተኛ፣ ሁለት ጊዜ የቀረ ሰው ይጠየቃል። በስልክ ሳይሆን በእግር፣ በጀማዓ ሳይሆን ለብቻ።

እህቶችም ይህ ነገር አይመለከተንም እንዳትሉ። ለኒካሕ «ሁላችንም አንድ ዓይነት ልብስ እናሰፋ» ሲባል፣ ከመሐላችሁ ጨርቁን ለመግዛት ከልጆቿ ጉሮሮ የምትቀንስ እህት ትኖራለች። ወጥ ስንሠራ መረቁን አብዝተን ለጎረቤት እንድናካፍል ለአቡ ዘር (ረ.ዐ.) የተሰጠው ምክር ለኩሽናችን የተሰጠ ምክር ነው። ልጆቻችሁንም በዒድ ቀን አዲሱን ልብስ ለብሰው ከመውጣታቸው በፊት የጎረቤት ልጅ ምን እንደለበሰ እንዲያዩ አስተምሯቸው።

የኛ ነገር እንዴት አለቀ ትሉ ይሆናል። ከአረፋ ማግስት ስድስታችን ከነልጆቻችን ያንን ሰባተኛ መደብ ይዘን እሱ ቤት ሄድን። ሥጋው እዚያው ተሠራ፤ አስተናጋጁ እሱ ነበር፤ ቢስሚላህ ያስባለንም እሱ። ባለቤቱ ቡና አፈላች። ሌላ ጊዜ ከአቦሉ በኋላ ሰዓት እያየን የምንነሳ ሰዎች፣ ያን ቀን እስከ በረካው ተቀመጥን። ስለ ሥራውም ተነጋገርን፤ መፍትሔው በአንድ ቀን አልመጣም፤ ዛሬም አብረን እየሞከርን ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ዓመቱን ከነማዕዱ አስታውሱት። ማን ነበር? ማን ቀረ? የቀረውስ ለምን ቀረ? ስሙ ትዝ ያላችሁ ሰው ካለ እስከ ጁሙዓ አታቆዩት፤ ሂዱና እንዴት ነህ በሉት፤ መልሱንም ጠብቁ።

አላህ የበላነውን በሹክር የምንጠየቅበት እንጂ በሐፍረት የምንጠየቅበት አያድርግብን። የተቸገሩ ወንድሞቻችንን ያግራላቸው፤ እኛንም ሳይለምኑ የምናውቃቸው ያድርገን። አዲሱን ዓመት ለአገራችንና ለመላው ሕዝባችን የሰላም፣ የዓፊያና የበረካ ዓመት ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።