ከአስረኛ ክፍል መልስ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሰራጨና ስንት መጋዘን እንደተሠራ ይነገራል። ይህ ተገቢ ነው፤ ሪፖርቱም ቀርቧል። አሁን የሚነሳው በሪፖርቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ያልገቡ ሰዎች ጉዳይ ነው። እነዚህ ሰዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ አስረኛ ክፍል ተፈትነው ወደ ቀበሌያቸው የተመለሱ የአርሶ አደር ልጆች ናቸው። ዛሬ ብዙዎቹ አርባ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም ተቀምጠዋል።

በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በአብዛኛው በወረዳ ከተማ ብቻ ነበር። የገጠር ተማሪዎች ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ድርቆሹን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ለቤት ኪራዩ አባት በግ ይሸጣል፣ እናት እንቁላል ታጠራቅማለች። ውጤት ሲለጠፍ ጥቂቱ መሰናዶ ይገባል፣ የተወሰነው መምህራን ኮሌጅ ወይም ሙያ ማሰልጠኛ ይሄዳል፣ የቀረው ደብተሩን በከረጢት አስሮ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። “ወደቀ” ይባላል። ይህች ቃል ስንቱን ጎበዝ ከሰው መሐል አርቃዋለች።

ሲመለሱ የገጠማቸው የመሬት ጉዳይ ነው። በአማራ ክልል መሬት ለመጨረሻ ጊዜ በስፋት የተሸጋሸገው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ እነዚህ ልጆች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። አባት ያለው አራት ቃዳ ወይም አንድ ሄክታር ያህል ቢሆን ነው፤ ያንንም አምስትና ስድስት ልጅ ይጠብቀዋል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ይዞታን በውርስና በስጦታ ማስተላለፍን ፈቅዷል፤ ሆኖም አንድ ሄክታርን ለአምስት ማካፈል አዋጅ የሚፈታው ነገር አይደለም። ስለዚህ አብዛኛው የአረጋውያንንና ባል የሞተባቸውን እናቶች መሬት በእኩል እያረሰ ጎጆ ወጣ። ከዚያው ከእኩሉ ልጅ አሳደገ፣ ቆርቆሮ አለበሰ፣ በሬ ገዛ።

ዕድል የቀናው በወረታ ወይም በኮምቦልቻ ግብርና ኮሌጅ ሦስት ዓመት ተምሮ በዲፕሎማ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆነ። በየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ሦስት ባለሙያ ይመደብ የተባለበት ጊዜ ነበር። ከዳፕ ወደ ኤንፒኤስ ሲዞር ለገበሬው ያስረዳው እርሱ ነው። የሰብል ባለሙያ ተብሎ ተመድቦ የማዳበሪያ ብድር አስመላሽ ሆኖ የዋለበት ዘመን መኖሩም አይዘነጋም።

ሌላው ደግሞ የመሠረታዊ ማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ይህ ሰው በሰኔ ማዳበሪያ ሲመጣ ሌሊት መኪና ያስራግፋል፣ ቀን ደረሰኝ ይቆርጣል። በታኅሣሥና በጥር በቆሎ ሲረከብ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መቆሙን ለአባሉ ሳያሳይ ጆንያ አያስጭንም። ፊደል ያልቆጠረ አባት ማኅበሩን ያመነው ብዙውን ጊዜ በዚህ ሰው ምክንያት ነው። ደመወዙ ግን የሚያኖር አይደለም። ሥልጠና ወስዶ መዝገብ መያዝ በቻለ ማግስት ሌላ መሥሪያ ቤት ይወስደዋል። ተተኪው እስኪለምድ ሒሳቡ ይከርማል። ሒሳብ ካልተዘጋ ኦዲት አይደረግም፤ ኦዲት ካልተደረገ የትርፍ ክፍፍል የለም፤ አባሉም “ማኅበሩ በላን” ይላል። ተበላ የተባለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ካልተዘጋ መዝገብ ውስጥ ነው።

ሴቶቹስ? በክልሉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ አብሮ ተለጥፏል። በማኅበሩ የአባላት መዝገብ ላይ ግን በብዙ ቤት የሚገኘው የባል ስም ብቻ ነው። አስረኛ ክፍል የጨረሰች ሚስት ደረሰኙን አንብባ ለባሏ ትነግረዋለች፤ በጠቅላላ ጉባኤ እጁን የሚያወጣው ግን እርሱ ነው። ከእኩዮቿ መካከል ወደ ዓረብ አገር የሄዱም ብዙ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶች ሲመለሱ፣ ቀበሌያቸው ሲደርሱ መሬትም ሆነ የማኅበር አባልነት ያልጠበቃቸው ጥቂቶች አልነበሩም።

አሁን ተማሪዎቹ የእነዚህ ሰዎች ልጆች ናቸው። የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል፤ ማጣሪያው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ለማለፊያ የሚያስፈልገውን ግማሽ ውጤትና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሳው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንግዲህ ልጆቹ እንደ አባቶቻቸው ወደ ቤት እየተመለሱ ነው፤ በእኩል የሚታረሰው መሬት ግን ፈላጊው በዝቶበታል።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147ም ሆነ በ2009 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 985 መሬት የሌለው አባል አይሆንም አይሉም። ይህን ያመጣው ልማድ ነው። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ጉዳዮች ቢቀርቡ መልካም ነው። አንዱ የሒሳብ ሠራተኞች ደመወዝ ነው፤ ዩኒየኑና መሠረታዊ ማኅበራቱ ተጋግዘው ሊሸፍኑት ይችላሉ። ሌላው የአባላት ሚስቶችና ለአባልነት ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች በየራሳቸው ስም ዕጣ እንዲገዙ ነው። ይህኛው ወጪ አይጠይቅም፣ እንዲያውም ካፒታል ያስገባል። የመመዝገቢያው ቅጽ በየማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ይገኛል።