በወለል ላይ ስለሚሰመር ቀለም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ቀለም ቆርቆሮ ለመናገር መነሣቴ ያስገርማችሁ ይሆናል። ምክንያቴ የአባቴ እጅ ነው። አባቴ አናጢ ናቸው። የዛሬ አራት ዓመት በሞተር በሚሠራ መጋዝ ላይ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ፣ ረጅም ጣውላ ተሸክሞ በኋላቸው የሚያልፍ ባልደረባቸው ሳያስበው ገፋቸው፤ እርሳቸውም ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት አጡ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ እስከ ዛሬም ዓመት በዓል ሲሆን ቤታችን ይመጣል። ነገር ግን በዚያ ቤት አላፊው በየት እንዲያልፍ፣ ሠራተኛውም የት እንዲቆም የሚያሳይ አንዳች ምልክት አልነበረም።

ሸክም የያዘ ሰው በግድግዳ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ አያነብም፤ ዓይኑ እግሩ ሥር ነው። ስለዚህ ምልክቱ በወለሉ ላይ መሆን ይገባዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ቢሆን ቢጫ መሥመርን ለይቶ ያያል።

በአሜሪካ ለዚህ ነገር የቀለም ደንብ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. ነው። ቢጫ ሰው ሊሰናከልበት ወይም ሊጋጭበት ለሚችል ቦታ፣ ቀይ ለእሳት መከላከያ ዕቃ ተመደበ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የአገሩ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስለ መተላለፊያ መሥመር ሲያብራራ፣ የመሥመሩ ስፋት ከ2 እስከ 6 ኢንች፣ መተላለፊያውም ቢያንስ 4 ጫማ እንዲሆን መከረ፤ ይህም 1 ሜትር ከ20 ያህል ነው። ቀይንና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች ስላሉ፣ ለአደገኛው ቦታ ቢጫና ጥቁር አፈራርቆ መቀባት ይሻላል።

እኛም ባለፈው ዓመት በእንጨት ሥራ ክፍላችን ይህንኑ ሞከርን። መጀመሪያ የቀባነው ቀለም በሦስት ሳምንት ተላጠ፤ የመጋዝ ብናኝና ዘይት በተጣበቀበት ወለል ላይ ቸኩለን ስለቀባነው ነው። በሁለተኛው ጊዜ ወለሉን በሳሙናና በሽቦ ብሩሽ ፈትገን፣ ሁለት ቀን አድርቀን ቀባነው፤ ይኸኛው ያዘ። የበለጠ ያስቸገረን ግን ቀለሙ ሳይሆን እኛው ራሳችን ነበርን። ወሩ ሳያልቅ አንዱ ጣውላውን፣ ሌላው ደብተሩን በመተላለፊያው ላይ ይከምር ጀመር። አላፊው እንደ ድሮው በመጋዙ ጀርባ ዞሮ የሚያልፍ ከሆነ የቀለሙ ዋጋ በከንቱ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በየዕለቱ ሥራ ሲያበቃ መሥመሩን የሚያስለቅቅ አንድ ተረኛ ሾምን፤ ተረኛውም መምህራችንን ሳይቀር ዕቃቸውን እንዲያነሡ የማዘዝ ሥልጣን አለው።

አንዳንድ ጓደኞቼ መሥመሩ ካለ የመጋዙ መከለያ አያስፈልግም ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቀለም ሰውን ያሳስባል እንጂ የመጋዝ ጥርስ አያቆምም።

አባቴ ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ከዚህ በኋላ ክፍሉን ለማየት የምትፈልጉ ሁሉ በሩ ክፍት ነው፤ ወንበር ሲሠሩ የሚያሳዩአችሁ ተማሪዎች አሉ። ስትገቡ ግን እባካችሁ በሁለቱ ቢጫ መሥመሮች መካከል ሂዱ።