ዚንክና የልጆቻችን ሳል
(በናይሮቢ ለስደተኛ ወላጆች የተደረገ ንግግር)



እኔ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ናይሮቢ በምትበርድባቸው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት በክፍሌ ከትምህርቱ ይልቅ ሳሉ ይሰማል። ብዙ ሆነን በአንድ ክፍል እናድራለን፤ ከሰሉም እዚያው ይጨሳል። ሆኖም በአንድ ቤት ካሉ ልጆች አንዱን በሦስት ቀን ሲሻለው ሌላው ወሩን ሙሉ ይስላል። ከምክንያቶቹ አንዱ ምግብ ነው። ዛሬ በምግብ ውስጥ ስላለ አንድ ማዕድን፣ ስለ ዚንክ እነግራችኋለሁ።

ዚንክ የቤት ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጥበት ማዕድን ነው። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ሁሉ ቢሰበሰብ ከ2 እስከ 3 ግራም ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ በሽታን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት ያለ እርሱ በሚገባ አይራቡም። የአፍንጫና የሳንባ ውስጠኛ ሽፋንም ሲጎድለው ይዳከማል። ሰውነታችን ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥበት ጎተራ ስለሌለው ዘወትር ከምግብ መገኘት አለበት።

ይህ በአገራችን ተፈትኗል። መላኩ ኡመታና ባልደረቦቹ በአርሲ፣ በዶዶታ ሲሬ ወረዳ፣ 200 ሕፃናትን አጥንተው ውጤቱን በ2000 (እ.ኤ.አ.) አሳተሙ። ለግማሾቹ በቀን 10 ሚሊግራም ዚንክ ለ6 ወር ተሰጠ፤ ለቀሩት ዚንክ የሌለበት ተመሳሳይ ነገር ተሰጠ። ዕድገታቸው ከቀጨጨው መካከል ዚንክ ያገኙት በአማካይ 7 ሴንቲሜትር ሲያድጉ ያላገኙት 2.8 ብቻ አደጉ። ሳል፣ ትኩሳትና ተቅማጥም ቀነሰላቸው።

ታዲያ ከየት እናግኘው? ሥጋ፣ ጉበትና እንቁላል ዚንክ አላቸው። ይህ ለኪሳችን ከከበደ፣ በየገበያው የሚሸጠው ኦሜና የተባለው ትንሽ ዓሣ ይረዳል። በእህልና በጥራጥሬም ዚንክ አለ፤ ግን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ ዚንኩ ይለቀቃል። የእናቶቻችን እርሾ ጥቅሙ ለጣዕም ብቻ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ጤፍ ቢወደድም የበቆሎውን ዱቄት አቡክታችሁ ጋግሩ። ባቄላና ሽምብራውን ዘፍዝፋችሁ፣ ቢቻል አብቅላችሁ ቀቅሉ። ልጅ 6 ወር ከሞላው በኋላ የጡት ወተት ብቻ አይበቃውም፤ ከዚህ ምግብ በደንብ አልማችሁ አብሉት።

አሁን አደራ የምላችሁ ነገር አለ። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የዚንክ እንክብል ለተቅማጥ ነው። ሕይወት አድን ከተባለው ዱቄት ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥ። የሳል መድኃኒት ግን አይደለም። ከልክ በላይ ሲወሰድም ያስታውካል። የሳንባ ምች የያዘውን ልጅ እንክብል እየሰጡ ቤት ማቆየት ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ልጁ ሲስል ልብሱን ገልጣችሁ፣ ሳያለቅስ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ላለ ጨቅላ 60፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሰዓት የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ።