ለትንሽ ሞተር ሳይክል ሰፋ ያለ የኋላ ጎማ ስለ መግጠም

(ለኩታበር ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ዘሩንና የከብቱን መድኃኒት ከደሴ ወደ ኩታበር፣ ከኩታበርም ወደየቀበሌው ስለሚያደርሰው ስለ ሞተር ሳይክል ነው። በክረምት ዋልካው ሲጨቀይ የኋላው ጎማ እየተንሸራተተ ሰውንም ጭነትንም ይጥላል። ስለዚህ ብዙ ሰው «ሰፊ ጎማ ባስገጥም ይሻለኛል» ይላል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳይለኩ የገጠሙት ጎማ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣልና ነገሩን በዝርዝር እንመልከት።

በመጀመሪያ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። «3.00-18» ቢል፣ የፊተኛው ቁጥር የጎማው ስፋት በኢንች፣ የኋለኛው ቸርኬው ከዳር እስከ ዳር ያለው ልክ ነው። «90/90-18» ቢል ደግሞ ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው የስፋቱ 90 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው ማለት ነው። የመጨረሻው ቁጥር አይለወጥም፤ የ17 ጎማ ለ18 ቸርኬ አይሆንም።

ሰፊ ጎማ የሚያመጣው ችግር ሦስት ነው።

1ኛ፤ ቸርኬው ጠባብ ከሆነ ጎማውን ከሁለት ወገን ይጨብጠዋል። ያን ጊዜ ጀርባው እንደ እንቁላል ይሾልና መሬት የሚነካው ቦታ እንደ ታሰበው አይሰፋም። የ3.00 ጎማ በ1.60 ወይም በ1.85 ኢንች ቸርኬ ላይ ይሠራል፤ የ3.50 ጎማ ግን ቢያንስ 1.85 ይፈልጋል።

2ኛ፤ ጎማው ሰንሰለቱን፣ የኋላውን ሹካ ወይም ፓራፋንጎውን ይነካል። ደረቅ መንገድ ላይ ባይነካ እንኳ ዋልካ በመካከሉ ይጠቀጠቅና እግሩ መዞሩን ያቆማል። በቁልቁለት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ለነፍስ ያሰጋል።

3ኛ፤ ሰፊ ጎማ ከፍታውም ይጨምራል። የ3.00-18 ጎማ ቁመቱ 610 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የ3.50-18 ግን 635 ያህል ነው። ልዩነቱ 4 በመቶ ነው። ስለዚህ እግሩ በአንድ ዙር የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ የመጎተት ኃይሉ ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ለደከሙ በሬዎች ትልቅ ማረሻ እንደ መስጠት ነው። ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ መቀነስ ግድ ይሆናል።

«ታዲያ ትራክተር ስለ ምን ሰፊ ጎማ አለው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ትራክተር ከባድ ስለ ሆነ እንዳይሰምጥና አፈሩን እንዳይጠቀጥቅ ነው፤ ሞተሩና ማርሹም ለዚያው ተሠርቷል። ሞተር ሳይክል ግን ቀላል ነው፤ ሲታጠፍም ያዘነብላል። ጭቃው ቀጭን ሆኖ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ካለ፣ ጠባብ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን ይይዛል። ሰፊው ጎማ የሚሻለው በአሸዋና ጥልቅ በሆነ ለስላሳ መሬት ላይ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በዚህ ተራ ሂዱ።

በመጀመሪያ የጎማውን ጥርስ ተመልከቱ። ያለቀ ጥርስ ሰፊም ቢሆን ይንሸራተታል። በዚያው ልክ፣ ጥርሱ ጎላ ጎላ ብሎ የተራራቀ አዲስ ጎማ ብዙውን ጊዜ ችግሩን ይፈታል። ቀጥሎ ንፋሱን ሞተር ሳይክሉ ሳይሄድ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለኩ። ንፋስ እጅግ ሲያንስ ቸርኬው በድንጋይ ይጎዳል፤ ጎማውም በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የከመነዳሪውን ቫልቭ ይቆርጣል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ አንድ ደረጃ ብቻ ጨምሩ፤ ከ3.00 ወደ 3.50 እንደ ማለት ነው። ጎሚስታው ዘንድ ስትሄዱ የቸርኬውን ስፋት አስለኩ፤ ለጎማው ልክ የሆነ ከመነዳሪም ግዙ። በጎማው ላይ የተሳለው ቀስት ወደሚሄድበት መዞሪያ ይሁን። ከተገጠመ በኋላ ሁለት ሰው አስቀምጣችሁ እግሩን በእጅ አዙሩ፤ በሁለቱም ጎንና ከላይ ቢያንስ የአንድ ጣት ክፍተት ይኑር። የሰንሰለቱን ውጥረትና የኋላውን እግር ቀጥ ማለት፣ ፍሬኑንም መርምሩ። ዳገት ላይ ከደከመ ከኋላ ያለውን የሰንሰለት ጥርስ ማብዛት ይቻላል፤ 42 የነበረው 44 ቢሆን የጠፋው ኃይል ይመለሳል። ሰንሰለቱ ግን ሊያጥር ስለሚችል መታየት አለበት።

በመጨረሻ የማሳስባችሁ ይህን ነው። ሰፊ ጎማ የጭነት ፈቃድ አይደለም። ጎማው ላይ «52» የሚል የጭነት ቁጥር ቢኖር ያ ጎማ 200 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ የሞተር ሳይክሉ ብረት፣ ስፕሪንግና ፍሬን ግን እንደ ነበሩ ናቸው። ከፋብሪካው ከተወሰነው ክብደት በላይ አትጫኑ። ዘሩ በጊዜው እንዲደርስ፣ የልማት ሠራተኛውም ወደ ልጆቹ በደህና እንዲመለስ፣ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ፤ ከለካችሁም በኋላ ግጠሙ።